ሕዝቡ እስኪደርስ ድረስ፦ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ምክር ቤት ሲቋቋም ትልቁ ክርክር የተነሣው ማን ይመረጥ በሚለው ላይ አልነበረም። ማን ይምረጥ በሚለው ላይ ነበር። ከመካከላችን አንዳንዶቹ የታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ገና ስለሆኑ ተወካያቸውን መምህራን ይምረጡላቸው አሉ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለውንም ተረት ጠቀሱ። ሌሎቻችን ደግሞ ልጁ ማቡካት ካልጀመረ መቼ ይለምዳል ብለን ተከራከርን። በዚያው ሰሞን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ መጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ስንማር ይኸው የእኛ ክርክር ከዘጠና ዓመት በፊት በአገር ደረጃ ተነሥቶ እንደነበረ አየን። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ያዘጋጁትን የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ሕይወት፣ እርሳቸው በብዕራቸው ካቆሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ታሪክ ጋር አያይዘን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በጽሑፋችን ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ፓርላማ ሲሉ ሁለት ቤቶችን ማለታቸው ነበር። አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባላል። በሌላ ስሙ ሴኔት ነው፤ አባላቱም ሴናተር ይባሉ ነበር። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው። ሁለቱም በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አጠገብ፣ የሰዓት ማማ ባለው ሕንፃ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። የላይኛው ቤት የሚባለው የሕግ መወሰኛው ነው። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሁሉ የተቀመጠው ንጉሠ ነገሥቱ መርጠው ስለ ሾሙት ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ፣ ወደ አንድ የሸዋ ልጅ ሕይወት መመለስ አለብን።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ሰያደብር በሚባል አገር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ራስ መኰንን የሐረር ገዥ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት የተፈሪ አባት ናቸው። ሐረር በዚያን ጊዜ ከባሕር ወደ መሐል አገር የሚገባው ዕቃና ሰው ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ስለነበረች፣ በራስ መኰንን ግቢ የሚያድግ ልጅ የውጭ አገር ሰው ማየት ብርቁ አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ ሲታወጅ የሐረር ጦር ወደ ሰሜን ዘመተ። የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ የነበሩት ተክለ ሐዋርያትም አብረው ሄዱ። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ድል በልጅ ዓይናቸው ካዩት ሰዎች አንዱ ናቸው።

ከድሉ በኋላ ሕይወታቸውን የለወጠ ነገር ደረሰ። በዚያን ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ሊዮንቲየፍ የሚባል ሩሲያዊ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ከእርሱ ጋር ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተጓዙ። ቋንቋውን የማያውቅ፣ ዘመድ የሌለው፣ የሐረርን ፀሐይ የለመደ ልጅ በበረዶ አገር ተማሪ ሆነ። እኛም ከአገር ውጭ የምንማር ልጆች ስለሆንን ይህን ስናነብ ትንሽ ቆም ብለን አሰብን። እኛ ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ እናቶቻችን በአማርኛ ያናግሩናል። እርሳቸው ግን በመልካም ፈቃዳቸው ባሳደጓቸው ባዕዳን ቤት ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። በሴንት ፒተርስበርግ በታወቀው በሚካኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው መኰንን ሆኑ። አገራቸውን ትተው የሄዱት በልጅነት ነበር፤ የተመለሱት የሠለጠኑ ወታደር ሆነው ነው። ከዚያም ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ሄደው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። መድፍ የተማረ ሰው ማረሻ ለመማር መመለሱ ስለ ጠባያቸው ብዙ ይናገራል። አገር የሚጸናው በጦር ብቻ እንዳልሆነ ቀድመው የተረዱ ሰው ነበሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ዳግማዊ ምኒልክ በጠና ታመው ነበር። ቤተ መንግሥቱ በሹመት ሽሚያና በአድማ ተይዞ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ያዩትን ለመንቀፍ የመረጡት መንገድ ለአገሩ አዲስ ነበር፤ ቴአትር ጻፉ። ፋቡላ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሥራ አውሬዎችን እንደ ሰው እያናገረ የሹማምንቱን ጉቦኛነትና ስንፍና ያሳያል። በዘመናዊው መልክ የተጻፈ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር እርሱ እንደሆነ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይመሰክራል። ትምህርቱ የገባቸው ሹማምንት ግን አልወደዱትም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ የቴአትር ነገርም ለረጅም ጊዜ ተዳፍኖ ቀረ። ተክለ ሐዋርያት ሹማምንትን ፊት ለፊት መንቀፍ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በዚህ ተማሩ።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ተክለ ሐዋርያት ለውጡን ከደገፉት የተማሩ ሰዎች መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ የጅጅጋ፣ ቆይቶም የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። በጨርጨር የሠሩት ሥራ እስከ ዛሬ ይነገራል። አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ ቆረቆሩ። ይህች ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። በዚያን ዘመን የአንድ አገረ ገዥ ሥራ ግብር መሰብሰብና ጦር ማስከተት ብቻ መስሎ ይታይ ነበር። እርሳቸው ግን መንገድ ማውጣትን፣ ከተማን በሥርዓት መሥራትን፣ እርሻን ማስፋፋትን የአስተዳደር ሥራ አደረጉት። ጨርጨርም ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ይሆናል የተባለ ግዛት ሆነ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአገሪቱ የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዲኖራት ፈለጉ። የረቂቁም ሥራ በዚያን ጊዜ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስቴርን ለያዙት ለተክለ ሐዋርያት ተሰጠ። እርሳቸው የልዩ ልዩ አገሮችን ሕጎች መረመሩ። ከሁሉም ይበልጥ የተከተሉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጃፓን ጥንታዊ ንጉሥ ያላት፣ በባዕድ ያልተገዛች፣ በአጭር ጊዜ ደግሞ የሠለጠነች አገር ነበረች። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ የተማሩ ሰው እንደመሆናቸው፣ ጃፓን በጦርነት ሩሲያን ማሸነፏ ሳያስገርማቸው የቀረ አይመስለንም። እንደ እርሳቸው ያሰቡ ምሁራን ብዙዎች ስለነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጃፓንን የሚያዩ ሊቃውንት እያሉ ይጠሯቸዋል።

ረቂቁ ሲመከርበት ታላላቆቹ መኳንንት አንድ ጥያቄ አነሡ። የያዙት ግዛትና ርስት ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ በሕጉ ይጻፍልን አሉ። ከድሃና ከመካከለኛ ቤት ተነሥተው በትምህርት ሹመት ያገኙት ሰዎች ይህን ተቃወሙ። ግዛት በዘር የሚወረስ ከሆነ አገሪቱ እንደ ቀድሞው ተከፋፍላ ትቀራለች፤ ሹመት ለሚሠራ ሰው መሰጠቱም ይቀራል ብለው ፈሩ። በመጨረሻ የመኳንንቱ ጥያቄ በሕጉ ሳይገባ ቀረ። በምትኩ ግን አንድ ማረፊያ ተዘጋጀላቸው። እርሱም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ታወጀ። ሰባት ምዕራፍና 55 አንቀጽ ነበረው። ተክለ ሐዋርያት በተሰበሰቡት መኳንንትና ሹማምንት ፊት ቆመው ትርጉሙን አስረዱ። ለብዙዎቹ አድማጮች ሕገ መንግሥት የሚለው ቃል ራሱ አዲስ ነበር። ንጉሥ በሕግ ይገዛል ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ምክር ቤት ለምን እንደሚያስፈልግ ለዚያ ጉባኤ ማስረዳት ቀላል ሥራ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። በዚህ ሕግ መሠረት የሕግ መወሰኛው አባላት በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉት መኳንንት መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ይመረጣሉ። የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹሞች ይመረጣሉ። ይህ ሁለተኛው ግን ጊዜያዊ ነው ተብሎ ተጻፈ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ የሚል ቃል ገባበት። በትምህርት ቤታችን ክርክር ላይ የሰማነው ቃል ይህ ነው።

ምክር ቤቶቹ ምን ሥራ ነበራቸው? ሕግ በምክር ቤቶቹ ሳይመከርበትና በንጉሠ ነገሥቱ ሳይጸና ሥራ ላይ አይውልም ይላል ሕጉ። ሚኒስትሮች የሚልኩትን ሐሳብ ተቀብለው ይመረምራሉ። አሳባቸውንም ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀርባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ምክራቸውን የመቀበል ግዴታ አልነበረባቸውም። ምክር ቤቱን የሚጠሩትም የሚበትኑትም እርሳቸው ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይደፈር መሆኑም በዚያው ሕግ ተጽፏል። እንግዲህ የሕግ መወሰኛ የሚለው ስም ከሥራው ይበልጥ ነበር ማለት እንችላለን። ምክር ቤቱ ይመክራል፤ የሚወስነው ሌላ ነው።

ቢሆንም ምክር ቤቱ ፋይዳ አልነበረውም ማለት አይደለም። ቀድሞ አንድ ታላቅ መኰንን በግዛቱ እንደ ትንሽ ንጉሥ ነበር። ቃሉ ሕግ ነበር፤ ጦሩም የራሱ ነበር። አሁን ግን በአዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ወንበር ይዞ፣ የተጻፈ ወረቀት ሲነበብ እየሰማ፣ ከእርሱ በዘር ከሚያንስ ሰው ጋር እኩል እጁን የሚያወጣ ሆነ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን ከየግዛታቸው አርቀው በአጠገባቸው ለማቆየትም ምክር ቤቱ ጠቅሟቸዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ ወንበሩ ክብርም ልጓምም ነበር።

እኛ በክፍላችን ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ስናስተያይ አንድ ልዩነት አገኘን። የጃፓን ሕገ መንግሥትም ሁለት ቤት ነበረው። የላይኛው የመኳንንት ነበር። የታችኛው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በምርጫ ይሞላ ነበር። መራጮቹ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ስለነበሩ ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ምርጫው ተጀምሯል። በኢትዮጵያ ግን ጅማሬው ራሱ ላልታወቀ ቀን ተላለፈ። ተክለ ሐዋርያት ይህን ያደረጉት ሕዝቡን ንቀው ነው ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። ትምህርት ቤት በጣት በሚቆጠርበት፣ መንገድ በሌለበት አገር ምርጫ ማካሄድ እንዴት ከባድ እንደሆነ ጅጅጋንና ጨርጨርን ያስተዳደሩ ሰው ያውቁ ነበር። ነገር ግን እስኪደርስ ድረስ የሚለው ቃል ቀን አልተቆረጠለትም። ሕዝቡ ደርሷል ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነም አልተጻፈም። የዚህን ጉድለት ዋጋ አገሪቱ ቆይታ አየችው።

ምክር ቤቱ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጦርነት መጣ። ተክለ ሐዋርያት በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ሲደርስ የአገራቸውን አቤቱታ በጄኔቭ በሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር ፊት አቀረቡ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያ ከሠለጠኑት መንግሥታት ጋር ለመቀመጥ አትበቃም የሚል ትልቅ የክስ ጽሑፍ ባቀረበች ጊዜም መልስ ለመስጠት ከቆሙት ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። ይህን ስናነብ አንድ ነገር ትዝ አለን። ለአገራቸው ሕዝብ ገና አልደረሰም የሚል ቃል በሕግ የጻፉ ሰው፣ አሁን በባዕዳን አዳራሽ ቆመው አገራችሁ ገና አልደረሰችም የሚለውን ቃል ራሳቸው ሰሙት። መልሳቸው ግን ጽኑ ነበር። የኢትዮጵያን ነጻነት የሚያህል ነገር በማንም ሚዛን ሊመዘን እንደማይገባ ተከራከሩ። ማኅበሩ ኢጣሊያን ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈረደ፤ ነገር ግን ነዳጇን እንኳ አልከለከላትም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የኢትዮጵያን ድንበር ተሻገረ።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሰደዱ እርሳቸው በዚህ አልተስማሙም። ውጊያው በዱርና በገደል ይቀጥል የሚል አሳብ ነበራቸው። የንጉሡ ሥልጣን አይደፈርም ብለው የጻፉት ሰው ንጉሡ ሲሳሳቱ መስሎ የታያቸውን አልደበቁም። ነገር ግን አገሩ በጠላት እጅ ስለወደቀ እርሳቸውም በዚሁ በምሥራቁ በር ወደ ጅቡቲ ወጡ። በዚህ ከተማ ለምንኖር ልጆች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በዚያ ዓመት አገራቸውን ጥለው የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚሁ በባቡሩ መንገድና በዚሁ ወደብ አልፈዋል። አንዳንዶቹ ወደ ኢየሩሳሌም፣ አንዳንዶቹ ወደ ኬንያ፣ አንዳንዶቹ ወደ ሱዳን ሄዱ። ተክለ ሐዋርያት ግን ባሕሩን ይዘው ወደ ደቡብ፣ እስከ ማዳጋስካር ደሴት ዘለቁ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በኢጣሊያ እስር ቤት ነበሩ። ግርማቸው በኋላ አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ የጻፉት ደራሲና ዲፕሎማት ናቸው።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ምክር ቤቶቹም እንደገና ተከፈቱ። ተክለ ሐዋርያት ግን ቶሎ አልተመለሱም። ብዙ ዓመት በስደት ቆይተው የገቡት በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው ቅሬታ ለዚህ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ሲመለሱም በሐረርጌ ሂርና በሚባል አገር እርሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። በወጣትነታቸው የተማሩትን የእርሻ ትምህርት በሽምግልናቸው ሠሩበት። የሕይወታቸውንም ታሪክ ጻፉ። መጽሐፉ የሕይወቴ ታሪክ በሚል ርእስ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።

እርሳቸው በሂርና እርሻቸውን ሲያርሱ በአራት ኪሎ ነገሩ እየተለወጠ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የዘውዱ 25ኛ ዓመት ሲከበር የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ወጣ። በዚህ ሕግ የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተወሰነ። ወንዱም ሴቱም መራጭ ሆነ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተካሄደ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. ሕዝቡ እስኪደርስ ድረስ ተብሎ የተጻፈው ቃል በታችኛው ቤት እስኪፈጸም 26 ዓመት ፈጀ።

በላይኛው ቤት ግን አልተፈጸመም። የሕግ መወሰኛው አባላት እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። አንድ ሴናተር 35 ዓመት የሞላው፣ ለአገሩና ለመንግሥቱ ያገለገለ፣ በሕዝብ ዘንድም የተከበረ መሆን ነበረበት። የሚሾመው ለስድስት ዓመት ነው። የሴናተሮቹ ቁጥር ከታችኛው ቤት አባላት እኩሌታ አይበልጥም። በኋላ ዘመን የታችኛው ቤት 250 አባላት ሲኖሩት የላይኛው 125 ነበሩት። ጥቅምት 23 ቀን በየዓመቱ ምክር ቤቱ ሲከፈት ንጉሠ ነገሥቱ በሁለቱም ቤቶች ፊት ንግግር ያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ይጀምራል። የሕግ ረቂቅ ይነበባል፤ በኮሚቴ ይመረመራል፤ ድምፅ ይሰጥበታል። በሁለቱ ቤቶች ካለፈ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ይጸናል።

በዚያ ወንበር የተቀመጡት ሰዎች ሕይወት አንድ ዓይነት አልነበረም። ለአንዳንዱ የሴናተርነት ሹመት የረጅም አገልግሎት ሽልማት ነበር። ለአንዳንዱ ደግሞ ከሚኒስትርነት ገለል ማድረጊያ ነበር። ሕዝቡም ይህን ያውቅ ስለነበረ ሴናተር ሆነ ሲባል ተሾመ ወይስ ተሻረ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም ነበር። ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን እስር ቤት ከማቀቁ፣ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ካገለገሉ በኋላ በመጨረሻ የዚህ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ልዑል ራስ አሥራተ ካሳና ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ተራ በተራ በፕሬዝዳንትነት መርተውታል። ብዙዎቹ አገራቸውን የሚወዱና ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ማናቸውም ቢሆኑ ሕዝቡ ልኮኛል ብለው መናገር አይችሉም ነበር። ሹመታቸው ከላይ የመጣ ስለሆነ የሚሰማቸውም ጆሮ ከላይ ብቻ ነበር።

ይህ ጉድለት ትልቅ ሆኖ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። ተማሪው፣ ወታደሩና ሠራተኛው በየአቅጣጫው ሲነሣ፣ የመሬት ጥያቄና የድርቁ ሰቆቃ አገር ሲያናውጥ፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሊከላከልለት የሚነሣ ሕዝብ አልነበረውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ምክር ቤቶቹም ተዘጉ። ኅዳር 14 ቀን ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል ሁለቱ የቀድሞ ፕሬዝዳንቶች፣ ራስ አሥራተና ጄኔራል አቢይ ነበሩ። ሕግን ሲወስን በኖረ ቤት መሪዎች ላይ ሕግ ሳይፈርድ ሞት ተፈረደ። ይህን ስንጽፍ ማዘናችንን አንደብቅም።

ተክለ ሐዋርያት ይህን ሁሉ በሕይወት ሆነው አይተዋል። ምክር ቤቱ ሲወጠን የዐርባ ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ። ሲዘጋ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው የተከለውን ዛፍ ሲያድግም ሲቆረጥም ለማየት ዕድሜ የሚሰጠው ከስንት አንዱ ነው። የልጅነታቸው አድዋ፣ የወጣትነታቸው ሩሲያ፣ የጎልማሳነታቸው ሕገ መንግሥትና ጄኔቭ፣ የስደታቸው ማዳጋስካር፣ የሽምግልናቸው ሂርና፦ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አለፈ።

ዛሬ ኢትዮጵያ የላይኛ ቤት የሚባል የፌዴሬሽን ምክር ቤት አላት። ሥራው ከቀድሞው የተለየ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው። ጎረቤታችን ኬንያም በነጻነቷ ዋዜማ ያቋቋመችውን ሴኔት ከጥቂት ዓመት በኋላ አፍርሳ፣ በኋላ በአዲሱ ሕገ መንግሥቷ መልሳ አቁማዋለች። የምንኖርባት ጅቡቲ ያላት አንድ ምክር ቤት ብቻ ነው። ሁለት ቤት ያስፈልጋል ወይስ አንድ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ገና አላለቀም። ከተክለ ሐዋርያት ሕይወት እንደተረዳነው ግን ከቤቱ ቁጥር ይልቅ የሚያስፈልገው ወንበሩን ማን ይሰጣል የሚለው ነው።

ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በመጨረሻ የምንለው ይህ ነው። ሕግ ያልነበረበትን ቤት በሕግ አቆሙ፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል። መኳንንቱ ግዛትን በዘር እንዲወርሱ ባለመፍቀድም አገራቸውን ጠቅመዋል። ነገር ግን ለሕዝቡ የሰጡት ተስፋ ቀን አልነበረውም። ቀን የሌለው ተስፋ ደግሞ ተስፋውን በሰጠው ሰው እጅ አይቀርም፤ ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ባለሥልጣን እጅ ይወድቃል። እርሳቸው በስደትና በእርሻ ላይ ሳሉ ቃላቸውን የተረጎሙት ሌሎች ነበሩ።

በትምህርት ቤታችንም ክርክሩ በዚህ አለቀ። የታችኞቹ ክፍሎች ዘንድሮ በመምህራን ምርጫ እንዲወከሉ ተስማማን፤ ብዙዎቹ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ናቸውና። ነገር ግን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ተማሪዎች በሚመጣው ዓመት መክፈቻ በራሳቸው ድምፅ እንደሚመርጡ በምክር ቤታችን መተዳደሪያ ላይ ከነቀኑ ጻፍነው። እስኪደርሱ ድረስ የሚለውን ቃል አላስገባንም። ታናናሾቻችን በዚያን ቀን ካርዳቸውን ይዘው ሲሰለፉ የዚህ መጽሔት ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይኖራል። ለምን ቀኑን እንደጻፍንላቸው ለማወቅ የሚፈልግ ልጅ ካለ ይህን ታሪክ ያንብብ።